ጡት ላይ እብጠት ሲገኝ የትኛው ምርመራ ይቅደም? ከሰሜን ሸዋ ለምትነሺ ዝርዝር መመሪያ

ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ቶሎ የምትጠይቀው «የትኛው ማሽን ይሻላል?» ብላ ነው። ጎረቤቷ «አልትራሳውንድ አይታመንም» ትላታለች። የሥራ ባልደረባዋ «ማሞግራፊ ካልተነሳሽ ዋጋ የለውም» ትላለች። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ደግሞ ደውሎ «ኤምአርአይ ሁሉንም ያያል፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» ይላል። ሁሉም ለደግ ነው የሚመክረው። ሴትዮዋ ግን ይብሱን ግራ ይገባታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ፣ ማሞግራፊ በራጅ፣ ኤምአርአይ በማግኔት ጡትን ያያሉ። ማሽኖቹ እርስ በርስ አይወዳደሩም፤ እያንዳንዱ የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው። አንዱ «ይሄ ውሃ ነው ወይስ ሥጋ?» የሚለውን ይመልሳል። አንዱ በእጅ የማይዳሰስ ረቂቅ ነገር ይፈልጋል። ሌላው የተረጋገጠ በሽታ የት ድረስ እንደሄደ ይለካል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አዲስ አበባ ለምትኖር ሴት ቅደም ተከተሉ ቢዛባ የታክሲ ሂሳብ ይጨምራል። ከመሀል ሜዳ ወይም ከሞላሌ ለምትነሳ ግን ሌላ የአውቶቡስ ትኬት፣ ሌላ የአልጋ ኪራይ፣ ሌላ ሳምንት ነው።

ከታች ያለው ያን ሳምንት ለማትረፍ የተጻፈ ነው። ውሳኔው የሐኪምሽ ነው። አንቺ ግን ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ ምን እንደምትጠይቂ ብታውቂ ብዙ ነገር ይቀልልሻል።

መጀመሪያ፦ ማሽን ሳይነካሽ የሚሠራ ሥራ

ከሁሉም በፊት ጡቱና ብብቱ በባለሙያ እጅ ይዳሰስ። ለዚህ ደብረ ብርሃን ድረስ መምጣት አያስፈልግም። ቅርብሽ ያለው ጤና ጣቢያ ይጀምረዋል።

ስትሄጂ የሚከተለውን አስበሽ ሂጂ። እብጠቱን መጀመሪያ ያገኘሽው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ አድጓል? የወር አበባ ሲመጣ ያብጥና በኋላ ይቀንሳል? ነፍሰ ጡር ነሽ? ጡት ታጠቢያለሽ? ከእናት ወይም ከአባት ወገን የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር የነበረበት ሰው አለ? የእርግዝና መከላከያ ወይም ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ? እነዚህ ጥያቄዎች ተራ ይመስላሉ። ራዲዮሎጂስቱ ምስሉን የሚያነበው ግን እነሱን ይዞ ነው።

«አያመኝም እኮ» የሚለው ነገር ብዙ ሴት አዘግይቷል። የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሕመም አለመኖሩ የሚያረጋጋ ምልክት አይደለም።

አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር እንዳልሆነም እወቂ። በተለይ ከ30 ዓመት በታች ባሉ ሴቶች ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው፣ ሲነኩት ከጣት ሥር የሚንሸራተት፣ ጉዳት የሌለው እጢ በጣም የተለመደ ነው። አይዞሽ። ግን ጉዳት የሌለው መሆኑን በመገመት አትለፊው።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች አሉ። ቆዳው ከተሰረጎደ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፣ የጡት ጫፍ አዲስ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳትጨምቂው በራሱ ደም ካወጣ፣ ጫፉ ላይ የማይድን ቁስል ካለ፣ ብብት ውስጥ ጠጣር ነገር ከተዳሰሰ፣ ሪፈር ዛሬውኑ ጠይቂ። የምታጠባ እናት ጡቷ ቀልቶ ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው፤ መድኃኒት ይሰጣታል። መድኃኒቱን ጨርሳ ካልተሻላት ግን ሁለተኛ ዙር ክኒን ይዛ ወደ ቤት መመለስ የለባትም። አልትራሳውንድ ይታዘዝላት።

ስለ ፀበል አንድ ቃል። ሸንኩራ ዮሐንስ የሚጠመቅ ሰው ምርመራውን የሚተውበት ምክንያት የለም። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የቀጠሮው ቀን እንዳያልፍ ብቻ ለአስጠማቂው አስቀድመሽ ንገሪ። እብጠቱ ላይ ቅጠል መለጠፍንና መተኮስን ግን ተዪው። ቆዳው ከቆሰለ ምርመራው ራሱ ይከብዳል።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለሽ ደብተሩ መታደሱን አረጋግጪና ሪፈር ወረቀት ያዢ። ያለ ሪፈር ከሄድሽ ወጪው ከኪስሽ ሊወጣ ይችላል። ሪፈሩ ላይ «የጡት ሕመም» ብቻ ተጽፎ ከሆነ እንዲብራራ ጠይቂ። የትኛው ጡት፣ የትኛው ቦታ፣ ስንት ሳንቲሜትር ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለው ይጻፍበት።

መንገዱንም አስቢበት። ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲና ለሚመጣ ደብረ ብርሃን መንገዱ ላይ ነው። መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ላለች ሴት ግን በለሚ በኩል በቀጥታ አዲስ አበባ መግባት ሊቀላት ይችላል። አረርቲ ላለችም ሞጆና አዳማ ይቀርባታል። ሪፈር የሚጽፍልሽ ሰው ይህን ላያስብ ይችላል፤ አንቺ ንገሪው።

በዕድሜሽ ጀምሪ

እብጠት ተዳስሶ ሲመጣ ራዲዮሎጂ ላይ የተለመደው አካሄድ ይህ ነው። ከ30 ዓመት በታች ከሆንሽ አልትራሳውንድ ይቀድማል። ከ30 እስከ 39 ባለው ከሁለቱ በአንዱ መጀመር ይቻላል፤ እኛ ዘንድ በአልትራሳውንድ መጀመሩ ያዋጣል፣ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ማሞግራፊ ይጨመራል። 40 እና ከዚያ በላይ ከሆንሽ ማሞግራፊ ይቀድምና አልትራሳውንድ ይከተላል። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ ከሆንሽ በማንኛውም ዕድሜ አልትራሳውንድ ይቀድማል።

ዕድሜ ለምን ወሳኝ ሆነ? የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው። ማሞግራፊ ላይ ይሄ ጥቅጥቅ ያለ ክፍል ነጭ ሆኖ ይወጣል። እጢም ነጭ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ነጭ በግ እንደመፈለግ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡቱ በስብ ይተካል፤ ስብ ማሞግራፊ ላይ ጠቆር ስለሚል ነጩ ነገር ይለያል። አልትራሳውንድ ላይ ግን ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ነጣ ይላል፣ አብዛኛው እጢ ጠቆር ይላል። ለዚህ ነው ሁለቱ የሚደጋገፉት።

ወንድ ሆነህ ይህን የምታነብ ካለህ፣ አንተም ጡት አለህ። ከጡት ካንሰር 1 በመቶ ገደማ የሚሆነው ወንዶች ላይ ይገኛል። ጫፉ ሥር ጠጣር ነገር ካገኘህ አትፈር፤ ታይ።

አልትራሳውንድ፦ ርካሹ፣ ቅርቡ፣ ግን በሠሪው እጅ ላይ ያለው

አንዲት የመንዝ እናት የአልትራሳውንድ አልጋ ላይ ተኝተው «ልጄ፣ ይሄ የነፍሰ ጡር አይደል እንዴ?» ብለው ሳቁ። የሚያያቸው ልጅም ሁለት መዳሰሻ አንሥቶ አሳያቸው። «እማማ፣ ይሄኛው ጉብ ያለው የሆድ ነው። ይሄ ጠፍጣፋው የጡት ነው።» የእሳቸው ጥያቄ ሁሉም ሴት ልትጠይቀው የሚገባ ነው። የሆዱ መዳሰሻ ድምፁ ዝቅ ያለ ሞገድ ስለሆነ ጠልቆ ያያል፤ ጥራቱ ግን ይቀንሳል። ጠፍጣፋው ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ አለው፤ ጠልቆ አይሄድም፣ ለቆዳ ቅርብ ያለውን ግን ጥርት አድርጎ ያወጣል። የእርግዝና አልትራሳውንድ ያለው ክሊኒክ ሁሉ የጡት ያያል ማለት አይደለም። ካርድ ከማውጣትሽ በፊት «የጡት አልትራሳውንድ ትሠራላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

ዝግጅት የለውም። መጾም አያስፈልግም። ጨረር የለውም። ጀርባሽ ላይ ወይም ትንሽ ጎንሽ ላይ ተኝተሽ፣ በምርመራው ጎን ያለው እጅሽ ከራስ በላይ ይነሣል። ጄል ይቀባል። ደብረ ብርሃን ከሆነ ጄሉ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ብርድ ማንም የሚወደው ነገር አይደለም። ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ልበሺ፤ ጋቢም ያዢ።

እብጠቱን ራስሽ በጣትሽ አሳዪው። ይህን ብዙ ሴት በሐፍረት ትተወዋለች። «እዚህ ጋ ነው» ብለሽ ጣትሽን ስታስቀምጪ መዳሰሻው በትክክል እዚያ ላይ ያርፋል። ከዚያ ብብቱም እንዲታይ ጠይቂ። የብብት እጢዎች ካበጡና ቅርጻቸው ከተለወጠ ቀጣዩን እርምጃ ይቀይራል።

ባለሙያው ስክሪኑ ላይ የሚፈልገው ምንድን ነው? መጀመሪያ ውሃ መሆን አለመሆኑን ነው። ንጹሕ የውሃ ከረጢት፣ ሲስት የሚሉት፣ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ጠርዙ ቀጭንና የተስተካከለ ነው። ከጀርባው ያለው ቦታ ደግሞ ይነጣል። እንዲህ ከሆነ ነገሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ውስጡ ሥጋ ካለው ቅርጹ ይጠናል። ሞላላ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ወደ ጎን የተኛ ከሆነ ያረጋጋል። ቅርጹ የተዛባ፣ ጠርዙ እሾሃማ፣ ስፋቱ አንሶ ወደ ውስጥ የቆመ፣ ከጀርባው ጥቁር ጥላ የሚጥል ከሆነ ያጠራጥራል። አንዳንዱ ማሽን ላይ የጥንካሬ መለኪያ አለ፣ ኤላስቶግራፊ ይሉታል፤ ካለ ጥሩ ተጨማሪ ነው፣ ከሌለም አይቆጭም።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ውጤቱ በሚያየው ሰው ችሎታ ይወሰናል። ያላለፈበትን ቦታ አያሳይም። ረቂቅ የካልሲየም ቅንጣቶችን በደንብ አይይዝም። ስለዚህ ከ40 በላይ ሆነሽ «አልትራሳውንዱ ሰላም ነው» ብለው ብቻ ቢሸኙሽ ምርመራው ግማሽ ነው።

ማሞግራፊ፦ በእጅ የማይዳሰሰውን የሚያገኘው

ማሞግራፊ የጡት ራጅ ነው። ጡቱ በሁለት ሰሌዳ መሀል ይጫናል፣ ፎቶው ይነሣል። ለእያንዳንዱ ጡት ሁለት ፎቶ ነው፣ አንዱ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱ ከጎን በሰያፍ፤ ብብቱ በከፊል የሚገባው በሰያፉ ነው። እብጠቱ በአንድ በኩል ቢሆንም ሁለቱም ጡቶች ይነሣሉ። ግራና ቀኙ ሲነጻጸር ነው ልዩነት የሚታየው።

መጫኑ ያማል? ያስጨንቃል፤ ለአንዳንዷ ያማል። ግን የሚቆየው ለጥቂት ሴኮንድ ነው። ካልተጫነ ደግሞ ሥጋው ይደራረብና ምስሉ ይበላሻል፣ የሚያስፈልገው ጨረርም ይጨምራል። የወር አበባ የምታዪ ከሆነ ከደሙ በኋላ ባለው ሳምንት ብትሄጂ ጡትሽ ያን ያህል አይቆጣም። አጠራጣሪ እብጠት ካለሽ ግን ይህን ብለሽ ቀጠሮ አታስተላልፊ።

ጨረሩ ብዙ ሰው ያስፈራል። የአንድ ጊዜ ምርመራ መጠኑ 0.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ሰው ከመሬት፣ ከአየርና ከሰማይ በሰባት ሳምንት ውስጥ እንዲሁ ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። እብጠት ይዞ ለሚሄድ ሰው የቱ እንደሚያመዝን ግልጽ ነው።

በዚያ ቀን ዲዮድራንት፣ ፓውደር፣ ቅባት ጡትሽና ብብትሽ ላይ አትቀቢ። ዲዮድራንት ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣና የካልሲየም ቅንጣት ይመስላል። ቅቤ ተቀብተሽ የመጣሽ እንደሆነ በሳሙና ታጠቢ። ማተብሽን ማንም አያስበጥስሽም፤ መስቀሉ ግን ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ወደ ጀርባ ይዞራል። የአንገት ጌጥና ክታብ ይወልቃል። ድሮ የተነሳሽው ማሞግራፊ ካለ ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይዘሽ ሂጂ። አዲሱ ብቻውን አንድ ነገር ሲናገር፣ ከአሮጌው ጋር ሲታይ ሌላ ሊናገር ይችላል።

ማሞግራፊን ምንም የማይተካበት ነገር እነዚያን የካልሲየም ቅንጣቶች ማግኘቱ ነው። ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሱ ነጫጭ ነጥቦች ናቸው፤ በእጅ አይዳሰሱም። ተሰብስበው፣ ቅርጻቸው ተዘበራርቆ ወይም በመስመር ተደርድረው ሲታዩ ገና ከወተት ቱቦው ያልወጣ ካንሰር ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ኤምአርአይ እንኳ እነሱን በቀጥታ አያሳይም። ያ የአዲስ አበባው ዘመድ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

ማሞግራፊ ይስታል። በእጅ ከሚዳሰሱ ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ማሞግራፊ ላይ ላይታዩ ይችላሉ። አልትራሳውንድ ሲጨመርበት ክፍተቱ በጣም ይጠባል፤ ሁለቱም ንጹሕ ካሉ ካንሰር የመኖሩ ዕድል ከ3 በመቶ በታች ይወርዳል። ይህም ሆኖ እብጠቱ ድንጋይ የመሰለና ከሥሩ የተጣበቀ ከሆነ፣ ምስሉ ንጹሕ ቢሆንም ሐኪሙ ናሙና ከመውሰድ ወደኋላ ማለት የለበትም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ።

አዳዲስ ማሽኖች ላይ ቶሞሲንተሲስ የሚባል አለ። መሣሪያው በቅስት እየዞረ ብዙ ስስ ፎቶ ያነሣል፣ ሥጋው ተደራርቦ የሚደብቀውን ይገላልጣል። ካለ ተጠቀሚበት። እሱን ፍለጋ ግን ሳምንታት አትጠብቂ።

ማሞግራፊ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ያለበትም ቢሆን ማሽኑ ሊበላሽ፣ ባለሙያው ፈቃድ ሊወጣ ይችላል። አውቶቡስ ከመሳፈርሽ በፊት ይደወል። ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ዛሬ ይሠራል ወይ፣ ወረፋው ስንት ቀን ነው፣ ሪፖርቱ የሚነበበው በዚያው ቀን ነው ወይ። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። ፊልሙን ተነሥቶ ለንባብ ሌላ ቀን የሚቀጠር ብዙ ነው።

ኤምአርአይና ሌሎቹ

ኤምአርአይ በጣም ንቁ ነው፤ ካንሰር ካለ ከ90 በመቶ በላይ ይይዘዋል። ችግሩ ጉዳት የሌለውንም አብሮ ያበራል። ስለዚህ ለተዳሰሰ እብጠት የመጀመሪያ ምርመራ አይደለም። ቦታው ሌላ ነው። ካንሰር መሆኑ ተረጋግጦ ስፋቱ ሲያጠራጥር፣ ብብት ላይ ካንሰር ተገኝቶ ጡቱ ላይ ምንጩ ሲጠፋ፣ ከቀዶ ጥገና በፊት የሚሰጥ ኬሞቴራፒ እየሠራ መሆኑ ሲታይ፣ ወይም ከዘር የሚወረስ ከፍተኛ ስጋት ላለባት ሴት ነው የሚያስፈልገው።

ከታዘዘልሽ በሆድሽ ተኝተሽ፣ በክንድሽ ጋዶሊኒየም የተባለ ኮንትራስት፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት ይሰጥሻል፣ ሠላሳ አርባ ደቂቃ ያህል ሳትነቃነቂ ትቆያለሽ። አስቸኳይ ካልሆነ የወር አበባ ከጀመረ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ይመረጣል። የኩላሊት ሕመም፣ የልብ ማሽን፣ በሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት ወይም ጥይት ካለ ተናገሪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽም ተናገሪ። የአንገት ንቅሳት ካለሽ እሱንም፤ አልፎ አልፎ ሊያቃጥል ይችላል። እዚህ መስቀሉም፣ ቀለበቱም፣ የፀጉር ሽቦውም ይወጣል።

ሲቲ ስካን እብጠቱ ካንሰር መሆኑን ለመለየት አይታዘዝም። በሽታው ሳንባ ወይም ጉበት መድረሱን ለማየት ነው። ፔት ስካንም እንደዚያው። «ሙሉ ሰውነቴን ሲቲ ልታይ» ብሎ መጀመር ብር ማባከን ነው። በሙቀት የጡት ካንሰር እናያለን የሚል ካሜራ፣ ቴርሞግራፊ፣ የማሞግራፊን ቦታ አይተካም። ዝም ብለሽ እለፊው።

ሪፖርቱን እንዴት ታነቢዋለሽ

ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አትደንግጪ፤ መጀመሪያ ባይራድስ የሚለውን ፈልጊ። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ1993 ያወጣው የምደባ ሥርዓት ነው። ከአጠገቡ ከ0 እስከ 6 ያለ ቁጥር አለ። ቁጥሩ የካንሰር ደረጃ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ 4 ሲያይ «አራተኛ ደረጃ ደርሷል» ብሎ ለቅሶ ይቀመጣል። አራተኛ ደረጃ ሌላ፣ ባይራድስ 4 ሌላ።

0 ማለት አልተጠናቀቀም፣ ተጨማሪ ምስል ወይም የድሮ ፊልም ይምጣ ማለት ነው። 1 ምንም የለም። 2 አንድ ነገር አለ፣ ጉዳት የለውም። 3 ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ አይበልጥም። 3 የተባለች ሴት በ6 ወር፣ በ12 ወር፣ ከዚያም እስከ 24 ወር ድረስ እየተመላለሰች ትታያለች። እዚህ ጋ እኔ አንድ ነገር አምናለሁ፦ ክረምት መንገዱ የሚቆረጥባት፣ በ6 ወር መመለሷ የሚያጠራጥር ሴት ከሆነች ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ናሙናውን አሁኑኑ ብትሰጥ ይሻላል። የክትትል ምክር የሚሠራው ተመልሶ ለሚመጣ ሰው ነው።

4 ያጠራጥራል፣ ናሙና ይወሰድ ማለት ነው። ክልሉ ሰፊ ስለሆነ በሦስት ይከፈላል። 4ኤ ከ2 እስከ 10 በመቶ፣ 4ቢ ከ10 እስከ 50፣ 4ሲ ከ50 እስከ 95 በመቶ ነው። 4 ብቻ ከተጻፈ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ። 5 ደግሞ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። 6 በናሙና የተረጋገጠ ማለት ነው።

ከቁጥሩ በላይ ያለውን መግለጫም እይ። እንዲህ ሊል ይችላል፦ ቀኝ ጡት፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ከጫፉ 4 ሳንቲሜትር ርቆ፣ 12 በ15 ሚሊሜትር፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ፣ ጠርዙ እሾሃማ፣ ባይራድስ 4ሲ። ሰዓቱ ቦታን ነው የሚናገረው። ጡቱ ላይ የግድግዳ ሰዓት እንደተሰቀለ አስቢ፤ 10 የሚለው ሰዓቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው፣ በእኛ አነጋገር አራት ሰዓት የምንለው ቦታ። በቀኝ ጡት ይህ ወደ ብብት የሚጠጋው የላይኛው ክፍል ነው። አሁን ጣትሽን እዚያ ላይ አድርጊ። አንቺ ያገኘሽው እብጠት እዚያው ነው? ካልሆነ፣ ራዲዮሎጂስቱ ያየው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ያንን ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትውጪ።

ናሙናው

ምስል ይጠረጥራል፤ የሚያረጋግጠው ናሙና ነው። ስለዚህ ምስሉ ይቅደም። መርፌ ከገባ በኋላ ደም ይቋጥርና አልትራሳውንዱን ሊያሳስት ይችላል።

ሁለት ዓይነት መርፌ አለ። ቀጭኑ፣ ኤፍኤንኤ የሚባለው፣ ሕዋስ ብቻ ይመጥጣል። ፈጣንና ርካሽ ስለሆነ እኛ አገር በብዛት ይሠራል። ወፍራሙ፣ ኮር ባዮፕሲ፣ በማደንዘዣ ነው የሚወሰደው፤ ጠቅ የሚል ድምፅ አለው፣ ቀጫጭን የሥጋ ቁራጮች ያወጣል። ካንሰሩ ሥር ሰድዶ እንደሆነ፣ ሆርሞን ተቀባይ እንደሆነና ኸርቱ የተባለው ፕሮቲን እንዳለው በሚገባ የሚመረመረው ከዚህ ነው። ሕክምናው በነዚህ ይወሰናል። ባይራድስ 4ሲ ወይም 5 ከሆንሽ «ኮር ባዮፕሲ ማድረግ ይቻላል?» ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱም በአልትራሳውንድ እየታዩ ቢወሰዱ ይመረጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለውን ወሬ አትስሚ። መርፌ ካንሰርን አያሰራጭም። ሰው ባዮፕሲ ተደርጎለት ባሰበት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውኑ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጊ፦ የሐኪሙ እጅ፣ ምስሉና ናሙናው። ሦስቱ ከተስማሙ ጥሩ። ምስሉ 5 ብሎ ናሙናው «ሰላም ነው» ካለ ግን መርፌው ሌላ ቦታ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እንዲደገም ጠይቂ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባስጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ ምርመራው መጀመሪያ ሐኪም ከታየበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት ይላል። ያን ቀን ካርድሽ ጀርባ ላይ ጻፊው። ሠላሳ ቀን አልፎ ናሙና ካልተወሰደ፣ ደብረ ብርሃን ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ ጥቁር አንበሳ ብትሆኚ፣ «ቀጠሮዬ ይፍጠንልኝ» ለማለት ቀኑ ማስረጃሽ ነው።

ናሙናውን ራስሽ ወይም ቤተሰብሽ ተሸክማችሁ ወደ ፓቶሎጂ፣ ናሙና ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ፣ እንድትወስዱት ልትታዘዙ ትችላላችሁ። የተለመደ ነው። ዕቃው ላይ ስምሽ፣ የካርድ ቁጥርሽ፣ ግራ ወይም ቀኝ የሚለው፣ ናሙናው የተወሰደበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ቁራጩ ፎርማሊን በሚባለው ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ መዋኘት አለበት፤ ውሃ ወይም አልኮል አትጨምሩበት፣ ፍሪጅ ውስጥም አታስገቡት። ክዳኑ ይጠበቅ፣ በፌስታል ይጠቅለል፣ ከምግብ ጋር አይቀመጥ። ለሆርሞኑ ምርመራ ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ከ72 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ስለዚህ ናሙናው ከተቻለ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይወሰድ። ዓርብ ከሰዓት ከተወሰደ ቅዳሜና እሑድን መንገድ ላይ ያሳልፋል። ላቦራቶሪው ሲቀበል ደረሰኝ ይስጥ፣ ውጤት የሚወጣበት ቀንና ስልክ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የምስሉን ሪፖርት ኮፒ ከናሙናው ጋር አያይዙ፤ ፓቶሎጂስቱ ባይራድሱን ካላየ ሁለቱ እንደማይስማሙ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።